ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ለምን ይሸነፋል? የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግዥና ጨረታ እንዴት እንደሚሠራ

የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን ከፌዴራል መንግሥት 190 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ አግኝተው ነበር። ይህ ገንዘብ ለሥራ የሚመደብበት የመጨረሻ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ካለፈ ወዲህ የበጀት ስብሰባዎች መንፈስ ተለውጧል። መምህራንን ለመቀነስ ወይም ፕሮግራሞችን ለመዝጋት ሐሳብ በሚቀርብባቸው ዲስትሪክቶች፣ ወላጆች ወደ አውቶቡሱ፣ ወደ ኮምፒውተሩና ወደ አማካሪ ድርጅቶቹ ክፍያ እየጠቆሙ “ይህስ በማን ውሳኔ፣ በምን ዋጋ ተገዛ?” ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሲመለስ የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የተሳሳቱ ግምቶች አንዱ ነው። አንዳንዶች ሕጉ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ እንዲመርጡ ያስገድዳል ብለው ያምናሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጨረታው ለይስሙላ የሚደረግ ነው፣ አሸናፊው በትውውቅ አስቀድሞ ታውቋል ይላሉ። ሁለቱም ግምቶች የሕዝብን ዓይን ፖስታ በሚከፈትበት ቀን ላይ ያሳርፉታል። እስከ ዛሬ ይፋ የወጡት ትላልቅ ጥፋቶች ግን በአብዛኛው ከዚያ ቀን በፊት ወይም በኋላ የተፈጸሙ ናቸው።

ሥልጣኑ የማን ነው?

በአሜሪካ 13,000 ያህል የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። ዲስትሪክት ማለት የአንድ አካባቢን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር፣ የራሱ ቦርድና የራሱ የግዥ ክፍል ያለው መንግሥታዊ አካል ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የዲስትሪክቱ ወሰን ከካውንቲው ወይም ከከተማው አስተዳደር ጋር አንድ ሲሆን ገንዘቡም የሚመጣው በአስተዳደሩ በኩል ነው፤ በካሊፎርኒያ ግን ዲስትሪክቶቹ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ከዕለታዊ ወጪያቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 80 በመቶ የሚጠጋው ለሠራተኞች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ይውላል። ቀሪው ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት፣ በሜሪላንድ የሚገኘው የሞንጎመሪ ካውንቲ ዲስትሪክት 160 ሺህ ያህል ተማሪዎችና ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዓመታዊ በጀት አለው፤ ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶው ብቻ እንኳ ከ300 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል።

የግዥ ክፍሉ የሚመራው በሦስት ተደራራቢ ሕጎች ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ሲመጣ የሚሠራው የፌዴራል ደንብ ነው፤ ሁለተኛው የስቴቱ ሕግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቦርዱ ራሱ ያወጣው መመሪያ ነው። ሦስቱ ሲለያዩ ጥብቅ የሆነው ይገዛል። ለምሳ ቤት የሚገዛ ማቀዝቀዣና ለስፖርት ሜዳ የሚገዛ ሣር ማጨጃ ዋጋቸው እኩል ሆኖ ሳለ በተለያየ መንገድ የሚገዙት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስለሚታይ ነው።

የገንዘቡ መጠንና የውድድሩ ጥብቅነት

መሠረታዊው መርሕ ቀላል ነው፦ ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር የሚጠየቀው ውድድር ይጠብቃል። የፌዴራሉ ደንብ ሦስት እርከኖች አሉት። በጣም አነስተኛ የሚባለው ግዥ ዋጋው ተመጣጣኝ እስከሆነ ድረስ ያለ ውድድር ሊፈጸም ይችላል፤ ጣሪያው ለዓመታት 10,000 ዶላር ነበር፣ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ 15,000 ሆኗል። ከዚያ በላይ እስከ 250,000 ዶላር፣ አሁን ደግሞ እስከ 350,000 ዶላር፣ ከበቂ ቁጥር አቅራቢዎች ዋጋ ማሰባሰብ ይበቃል፤ በእኛ አነጋገር ፕሮፎርማ እንደማለት ነው። ከዚህ ጣሪያ በላይ ሲሆን ይፋዊ ጨረታ የግድ ነው።

ስቴቶቹ የየራሳቸውን ጣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። የኒውዮርክ ሕግ ለረጅም ዓመታት ለዕቃ ከ20,000፣ ለግንባታ ሥራ ከ35,000 ዶላር በላይ ሲሆን ይፋዊ ጨረታ ሲጠይቅ፣ ካሊፎርኒያ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያስተካክለው የዕቃ ግዥ ጣሪያ በ2025 114,800 ዶላር ደርሶ ነበር። ቨርጂኒያ ደግሞ የአካባቢ አካላት እስከ 200,000 ዶላር የሚደርሱ የዕቃና የአገልግሎት ግዥዎችን ቀለል ባለ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ትፈቅዳለች። ስለዚህ “ጨረታ ሳይወጣ ተገዛ” የሚለው ክስ በአንዱ ስቴት የሕግ ጥሰት ሲሆን በሌላው ሕጋዊ አሠራር ሊሆን ይችላል።

ጣሪያ ባለበት ቦታ ሁሉ ከጣሪያው በታች የመደበቅ ፈተና አለ። የ60,000 ዶላር ግዥን በአራት ከፍሎ በአራት የተለያዩ ወራት ማዘዝ የቆየ ዘዴ ነው። ግዥን ከጣሪያው ለማምለጥ ሲባል መከፋፈል በብዙ ስቴቶች የተከለከለ ቢሆንም፣ አንዱ ትምህርት ቤት ሌላው ያዘዘውን ሳያውቅ ሲገዛ የሚፈጠረውን መበታተን ከተንኮሉ ለይቶ ማወቅ ለኦዲተሮች ቀላል አይደለም።

ዝቅተኛው ዋጋ መቼ ያሸንፋል?

ይፋዊ ውድድር ሁለት መልክ አለው፤ ሕዝቡን የሚያደናግረውም የእነዚህ ሁለቱ መደባለቅ ነው። አንደኛው በታሸገ ፖስታ የሚቀርበው ጨረታ ሲሆን፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ሲያነብ ለኖረ ሰው እንግዳ አይደለም። ዲስትሪክቱ የሚፈልገውን ዕቃ በዝርዝር ይገልጻል፣ ቀንና ሰዓት ይቆርጣል፣ ፖስታዎቹ በይፋ ይከፈታሉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ማጣሪያዎች አሉ። ተጫራቹ የተጠየቀውን በሙሉ ያሟላ መሆን አለበት፤ ፊርማ የጎደለው ወይም የጨረታ ማስከበሪያ ያላስያዘ ሰው ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ሥራውን ለመፈጸም የሚያስችል አቅም፣ ልምድና መልካም ስም ሊኖረው ይገባል። የሜሪላንድ የትምህርት ሕግ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ቦርዱ ውሉን የሚሰጠው ዝርዝር መግለጫውን ላሟላው፣ ኃላፊነት ሊጣልበት ለሚችለውና ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ተጫራች ነው፤ ነገር ግን የሚፈለገው ብዛት፣ የማስረከቢያው ጊዜ፣ የተጫራቹ ብቃትና አጥጋቢ አገልግሎት የመስጠት ችሎታው ግምት ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛው መልክ የመወዳደሪያ ሐሳብ ጥሪ ነው። ዲስትሪክቱ ችግሩን ወይም ፍላጎቱን ይገልጻል፣ ተወዳዳሪዎች መፍትሔውን ከነዋጋው ያቀርባሉ፣ ኮሚቴ ነጥብ ይሰጣል። ዋጋ እዚህ ላይ ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው። ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት ወይም የደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌር በዋጋ ብቻ ቢመረጥ ርካሹ ነገር ውሎ አድሮ ውድ ሊሆን ይችላል። የዚህ መንገድ ድክመት ነጥብ አሰጣጡ ለሰው ፍርድ የተተወ መሆኑ ነው፤ “የአቀራረብ ጥራት” ለሚባል መመዘኛ 30 ነጥብ ሲሰጥ፣ ያንን 30 ነጥብ ከውጭ ሆኖ መመርመር እጅግ ከባድ ነው። ለትምህርት ቤቶች የኢንተርኔት ወጪ ድጎማ የሚሰጠው ኢ-ሬት የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ይህን አደጋ ለመቀነስ ሁለት ነገሮችን ያስገድዳል፦ ጥሪው ቢያንስ ለ28 ቀናት ይፋ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ከመመዘኛዎቹም ከፍተኛውን ነጥብ የሚይዘው ዋጋ መሆን አለበት።

መግለጫውን የጻፈው አሸናፊውን ሊመርጥ ይችላል

የጨረታ ዝርዝር መግለጫ ወይም ስፔሲፊኬሽን የሚባለው ሰነድ አሰልቺ ስለሆነ ከሙያተኛ በቀር ማንም አያነበውም። ውድድሩ ግን በአብዛኛው የሚኖረውም የሚሞተውም እዚያ ነው። የስክሪኑ ስፋት፣ የባትሪው ዕድሜ፣ የሶፍትዌሩ ዓይነት በአንድ አምራች ዕቃ ልክ ከተጻፈ፣ ፖስታዎቹ በምን ያህል ጥንቃቄ ታሽገው በምን ያህል ሕዝብ ፊት ቢከፈቱ ውጤቱ አይለወጥም።

በአገሪቱ በትልቅነቱ ሁለተኛ የሆነው የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል። ቦርዱ በጁን 2013 ለእያንዳንዱ ተማሪ አይፓድ ለማዳረስ የታሰበውን ዕቅድ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጸደቀ፤ ሙሉው ዕቅድ ከኔትወርክ ዝርጋታው ጋር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወስድ ነበር። አንዱ አይፓድ ፒርሰን ከተባለው ኩባንያ የትምህርት ሶፍትዌር ጋር 768 ዶላር ያወጣ ነበር። ሂደቱ በወረቀት ላይ ውድድር ነበረው። ሆኖም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የዲስትሪክቱ ከፍተኛ ኃላፊዎች ከአፕልና ከፒርሰን ሰዎች ጋር ሲጻጻፉ እንደነበር የሚያሳዩ ኢሜይሎች በ2014 ይፋ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ውሉ ታገደ፣ ዲሴምበር ላይ የፌዴራል መርማሪዎች ሰነዶችን ወሰዱ። ፒርሰን በ2015 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመመለስ ተስማማ። የወንጀል ምርመራው በ2017 ያለ ክስ ተዘጋ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊዘለል አይገባም፦ ከአቅራቢ ጋር ቀድሞ መነጋገር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ገበያው ምን እንዳለው ሳይጠይቁ ጥሩ መግለጫ መጻፍም አይቻልም። የፌዴራሉ ደንብ የሚከለክለው መግለጫውን ያረቀቀው ድርጅት ራሱ ተጫራች ሆኖ እንዳይቀርብ ነው። በውይይትና በማርቀቅ መካከል ያለው መስመር ግን ቀጭን ነው፤ ዲስትሪክቱ ማን ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረ መዝግቦ ካልያዘ ኋላ ሊያስረዳው አይችልም።

ሻጮቹ ሲመሳጠሩ

የዲስትሪክቱ ሠራተኞች ሁሉ ታማኞች ሆነው፣ ሥርዓቱ አንድ ሳይጓደል ተጠብቆ፣ ሕዝቡ ግን ሊዘረፍ የሚችልበት መንገድ አለ። ይህም ተፎካካሪ ተብለው የቀረቡት ሻጮች አስቀድመው የተስማሙ ሲሆን ነው።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የትምህርት ቤት ወተት ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፌዴራል ፍትሕ መሥሪያ ቤትና የስቴት ዓቃቤ ሕጎች ፍሎሪዳን፣ ኦሃዮን፣ ኬንታኪንና ቴክሳስን ጨምሮ በበርካታ ስቴቶች የወተት አቀነባባሪዎችን በጨረታ መመሳጠር ከሰዋል። ወተት ለዚህ ለምን ተመቸ? ዕቃው ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው አይለያይም፤ የሚፈለገው መጠን ይታወቃል፤ ጨረታው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ይወጣል፤ የማጓጓዣ ወጪ ስላለ በየአካባቢው ያሉት ሻጮች ጥቂት ናቸው። በዚህ ላይ ፖስታው በይፋ መከፈቱ፣ ለሕዝብ ጥበቃ የታሰበው ግልጽነት ራሱ፣ ከተመሳጣሪዎቹ ማን ቃሉን እንዳፈረሰ ለማየት ይረዳቸው ነበር።

በኦሃዮ የተደረገ የኢኮኖሚ ጥናት ምስጢሩን ያወጣው ዋጋውን ከርቀቱ ጋር በማነጻጸር ነበር። በተለመደው ንግድ ወተቱ የሚሄድበት ትምህርት ቤት ከፋብሪካው በራቀ ቁጥር ዋጋው መጨመር አለበት። በሲንሲናቲ አካባቢ የነበሩት ተከሳሽ ኩባንያዎች ግን በቅርብ ላሉት ዲስትሪክቶች ከፍ ያለ፣ ከስምምነቱ ክልል ውጭ ለሆኑት ሩቅ ዲስትሪክቶች ደግሞ ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርቡ ነበር፤ ፉክክሩ የነበረው እሩቅ ቦታ ብቻ ነበርና። ጥናቱ መመሳጠሩ ዋጋውን በአማካይ 6.5 በመቶ ገደማ እንዳናረው ገምቷል። በአንድ ካርቶን ወተት ላይ ሳንቲም ናት፤ በአንድ ስቴት ሕፃናት ቁጥርና በዓመታት ሲባዛ ግን ለምሳ ፕሮግራሙ ከባድ ኪሳራ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሚሲሲፒ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በዋጋ ማቅረቢያ መመሳጠር ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል። በዚያ ስቴት ለመካከለኛ ግዥ ሁለት የጽሑፍ ዋጋ ማቅረቢያ ይበቃል፤ ዘዴውም ሆን ተብሎ ዋጋው ከፍ የተደረገውን ሁለተኛ ማቅረቢያ ከተፎካካሪ ተብዬው ማምጣት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሦስቱንም ፕሮፎርማ አንድ ሰው ሲያመጣ የሚሰማውን ጥርጣሬ ያውቀዋል። ፋይሉ ውስጥ የወረቀቱ ቁጥር መሟላቱ ውድድር ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጨረታ የማያስፈልግባቸው በሮች

ሕጉ ራሱ የሚከፍታቸው መውጫዎች አሉ። ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ከአንድ ምንጭ በቀር የማይገኝ ከሆነ፣ ወይም የማሞቂያ ቦይለር በጥር ብርድ ፈንድቶ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ቀጥታ ግዥ ይፈቀዳል። እነዚህ በሮች ባይኖሩ ትምህርት ቤት በበረዶ ወቅት ለሳምንታት በተዘጋ ነበር። አደጋው “ብቸኛ አቅራቢ” የሚለው ቃል በበቂ ማስረጃ ሳይደገፍ ሲጻፍ ነው። የቺካጎ ዲስትሪክት በ2013 ርዕሳነ መምህራንን ለማሠልጠን የ20.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ያለ ጨረታ የሰጠው ዋና ኃላፊዋ ቀደም ሲል በአማካሪነት ለሠሩበት ድርጅት ነበር። ኃላፊዋ ከውሉ 10 በመቶ እንዲከፈላቸው ቃል ተገብቶላቸው እንደነበር ተደርሶበት በ2015 ጥፋተኝነታቸውን አመኑ፣ በ2017 የአራት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደባቸው።

ሌላው፣ ብዙም የማይወራለት በር የኅብረት ግዥ ነው። አንድ መንግሥታዊ አካል ወይም የኅብረት ግዥ ድርጅት ቀድሞ ባወጣው ጨረታ ላይ ተደርቦ መግዛት ማለት ነው። በቴክሳስ ባይቦርድ፣ በሚኒሶታ ተመሥርቶ በመላ አገሪቱ የሚሠራው ሶርስዌል የዚህ ዓይነት ናቸው። 800 ተማሪዎች ብቻ ያሉት የገጠር ዲስትሪክት ብቻውን የማያገኘውን ዋጋ በዚህ መንገድ ያገኛል፣ የወራት የወረቀት ሥራም ይቀርለታል። ተቺዎች ግን ሁለት ነገር ያነሳሉ፦ የመጀመሪያው ጨረታ ዋጋ በአብዛኛው የጣሪያ ዋጋ ስለሆነ በሩቅ ስቴት የተደረገ ውድድር ለእዚህ አካባቢ ርካሽ ላይሆን ይችላል፤ በአካባቢው ያለ አነስተኛ አቅራቢም ጨረታ መኖሩን እንኳ ሳይሰማ ገበያውን ያጣል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። የኅብረት ግዥ ዋጋን ከአንድ ሁለት የአካባቢ ዋጋዎች ጋር ሳያነጻጽሩ መቀበል ግን ለማንም ዲስትሪክት የሚመሰገን አሠራር አይመስለኝም።

ከፊርማው በኋላ

ቦርዱ ውሉን ካጸደቀ በኋላ ካሜራው ይዘጋል። ውሉ በቃሉ መሠረት መፈጸሙን የሚከታተለው ብዙ ሌላ ሥራ የተደራረበበት ሠራተኛ ነው።

የሞንጎመሪ ካውንቲ ዲስትሪክት በ2021 ከሃይላንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር 326 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን በአራት ዓመት ውስጥ ለማስገባት ተዋዋለ። ዕቅዱ በወቅቱ በአገሪቱ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ውሎች ትልቁ ተብሎ ተመስግኖ ነበር። አውቶቡሶቹ ግን በተባለው ጊዜ አልደረሱም። የካውንቲው ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ዲስትሪክቱ ለመዘግየቱ በውሉ መሠረት ሊያስከፍል የሚችለውን ከ370 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት እንዳልጠየቀ፣ በመሐሉም 14.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ የናፍጣ አውቶቡሶችን እንደገዛ ገልጿል። እዚህ ላይ የጠፋው ነገር የውድድር ጉድለት አልነበረም፤ የቅጣቱ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ ያነሳው ሰው ግን አልነበረም።

የተጫራቹን አቅም መመርመርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሎስ አንጀለስ በማርች 2024 ኦልሂር የተባለ ጀማሪ ኩባንያ የሠራውን፣ ከተማሪዎችና ከወላጆች ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ላይ አዋለ። ውሉ እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። ከ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ክፍያ በኋላ፣ ገና በጥቂት ወራት ውስጥ ኩባንያው አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ አገልግሎቱም ተቋረጠ። የጽዳት ዕቃ አቅራቢ ፋይናንስ በጥብቅ እየተመረመረ የአዲስ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ፋይናንስ ግን በደንብ ሳይታይ የሚታለፍ ከሆነ፣ ጥብቅነቱ ያረፈው በተለመደው ዕቃ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው።

አነስተኛ ድርጅቶችና የአካባቢ ቅድሚያ

የግዥ ኃላፊዎች ጣሪያዎቹ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ እንዲሉ ይሟገታሉ፤ የአንድ ይፋዊ ጨረታ የሠራተኛ ጊዜ ራሱ ወጪ ነው የሚለው ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል። በሌላ በኩል ጣሪያው ሲነሳ በጥቂት ሠራተኞች ውሳኔ ብቻ የሚያልፈው ገንዘብ ይጨምራል፤ ስለዚህ የጣሪያው ከፍታ ጥያቄ የቁጥጥሩን አቅም ሳያዩ ሊወሰን አይችልም።

በአነስተኛ ድርጅቶች ላይ የሚከብደው ነገር ደግሞ ዋስትና ነው። የፌዴራሉ ደንብ ለትላልቅ የግንባታ ሥራዎች ከጨረታው ዋጋ 5 በመቶ የጨረታ ማስከበሪያ፣ እንዲሁም ለአፈጻጸምና ለሠራተኞችና ለዕቃ አቅራቢዎች ክፍያ እያንዳንዳቸው 100 በመቶ ዋስትና ይጠይቃል። ሥራውን ጀምሮ ከሚጠፋ ተቋራጭ ሕዝቡን የሚጠብቀው ይህ ነው፤ ከባንክና ከኢንሹራንስ ጋር የቆየ ታሪክ የሌለውን አዲስ ተቋራጭ ደጅ የሚያስቀረውም ይኸው ነው። ስለ አካባቢ ቅድሚያ ደግሞ ሕጉ ለውጥ አሳይቷል። በፌዴራል ገንዘብ ለአካባቢ አቅራቢ ማዳላት የተከለከለ ነበር፤ በ2024 በተሻሻለው ደንብ ክልከላው ተነሥቷል። የምግብ ፕሮግራሞችም ከጁላይ 2024 ጀምሮ “በአካባቢው የተመረተ” የሚለውን በመግለጫቸው ውስጥ እንደ መስፈርት እንዲጽፉ ተፈቅዶላቸዋል። ገበሬው ይጠቀማል፤ ተወዳዳሪዎቹ ሲያንሱ ዋጋው ሊጨምር መቻሉም አይቀሬ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ በትራንስፖርት፣ በጽዳትና በአስተርጓሚነት ለተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሞንጎመሪ ካውንቲ ዲስትሪክት ለወላጆች መልእክት ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ትርጉምን የመሰለ አገልግሎት በአንድ ትልቅ ውል ተጠቃሎ ሲወጣ የሚወዳደረው ብዙ ቋንቋ የሚያቀርብ ትልቅ ኩባንያ ይሆናል፤ የአንድ ቋንቋ ባለሙያ የሚገባበት መንገድ ከእርሱ ሥር ንዑስ ተቋራጭ መሆን ወይም ከይፋዊው ጣሪያ በታች ለሚሆኑ ሥራዎች በዲስትሪክቱ የአቅራቢዎች መዝገብ ላይ መመዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው ዋጋ እንዲያቀርብ የሚጠየቅበት ዕድል አነስተኛ ነው።

የተሸነፈ ተጫራች ምክንያቱን የመጠየቅና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አቤቱታው በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ውሉ ከተሰጠበት ወይም የመስጠት ውሳኔው ይፋ ከሆነበት ቀን፣ ከሁለቱ ከቀደመው፣ ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ተሸናፊው ከሰማበት ሰዓት አይደለም፤ ስለዚህ ጨረታ ያስገባ ድርጅት የዲስትሪክቱን የግዥ ማስታወቂያና የቦርዱን አጀንዳ በየቀኑ መመልከት ይኖርበታል።